0.3 በመቶው የምን ስህተት ነው? የአቶምና የኒውክሊየስ ሲሙሌሽን እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን

ጥያቄ፦ «ትውልዴ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ነው፤ አሁን የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ጋማ ጨረርን ምን ያህል እንደሚከላከል ይመረምራል። በሞንቴ ካርሎ ፕሮግራም 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የባዛልት ግድግዳ ሠርቼ 10 ሚሊዮን የሲሲየም-137 ፎቶኖች ለቀቅሁበት። ምንም ሳይጋጩ ያለፉት 1.15 በመቶ ሆኑ፤ ፕሮግራሙም ስህተቱ 0.3 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳየኝ። አማካሪዬ ግን ያለ ልኬት አይበቃም ይሉኛል። የአቶምና የኒውክሊየስ ሕጎች ታውቀው ሳለ ልኬት ለምን ያስፈልጋል? የጎደለው የላፕቶፔ አቅም ከሆነስ፣ በትልቅ ኮምፒውተር ከኳርክ ጀምሮ ድንጋዩን በሙሉ ማስላት አይቻልም ወይ?»

ምላሽ፦ አማካሪዎ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱ ግን የላፕቶፕዎ አቅም ማነስ አይደለም። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ፕሮግራሙ ያሳየዎት 0.3 በመቶ ምን እንደሚለካ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ መታወቁና በዚያ ሕግ ማስላት መቻሉ አንድ ነገር ነው ወይ የሚለው ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ይበልጥ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

የሞንቴ ካርሎ ዘዴ በመሠረቱ ዕጣ መጣል ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፎቶን፣ ማለትም የጨረር ቅንጣት፣ ወደ ግድግዳው ከለቀቀ በኋላ ስንት ሴንቲሜትር ተጉዞ እንደሚጋጭ፣ ሲጋጭም እንደሚዋጥ ወይም አቅጣጫውን እንደሚቀይር፣ በተሰጠው የዕድል ሰንጠረዥ መሠረት ዕጣ እየጣለ ይወስናል። ከ10 ሚሊዮን ፎቶኖች 1.15 በመቶው ሲያልፉ ቁጥራቸው 115,000 ገደማ ይሆናል። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት 339 ያህል ነው፤ 339ን ለ115,000 ሲያካፍሉ 0.3 በመቶ ያገኛሉ። ፕሮግራሙ ያሳየዎት ይህንኑ ነው፤ ማለትም ያንኑ ሥራ በሌላ ዕጣ ቢደግሙት ውጤቱ በምን ያህል ሊለዋወጥ እንደሚችል ብቻ ነው። በ1 ቢሊዮን ፎቶን ቢደግሙት ስህተቱ ወደ 0.03 በመቶ ይወርዳል፤ ሥራውን መቶ እጥፍ ማብዛት ስህተቱን በአሥር እጥፍ ብቻ ይቀንሰዋልና። ይሁን እንጂ ገብስ የሚሰፈርበት ቁና ጎደሎ ከሆነ፣ መቶ ጊዜ ቢሰፍሩበት መቶ ጊዜ ያንኑ ጎደሎ ልክ ይሰጣል። የስፍሩ መደጋገም የቁናውን ጉድለት አይነግርዎትም፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ቁናው ራሱ በሌላ መለኪያ ሲፈተሽ ነው።

በእርስዎ ሥራ ቁናው የድንጋዩ እፍጋት ነው። እፍጋቱን ከየት እንዳገኙት በጥያቄዎ አልገለጹም፤ ነገር ግን 1.15 በመቶ የሚመጣው እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.9 ግራም ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ ሰንጠረዥ የተወሰደ የጥብቅ ባዛልት ቁጥር እንደተጠቀሙ እገምታለሁ። ሲሲየም-137 ለሚያወጣው የ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ኃይል መለኪያ ነው) ጨረር፣ ተራ ድንጋይ ጨረሩን የመቀነስ አቅሙ በግራም 0.077 ስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይህ በ2.9 ሲባዛ ጨረሩ በየ3.1 ሴንቲሜትሩ በግማሽ እንደሚቀንስ ያሳያል። ነገር ግን ከጣርማበር እስከ መንዝ ደጋ ያለውን ጥቁር ድንጋይ የሚያውቅ ሰው፣ እርስዎም ጭምር፣ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አይስተውም። ጥብቅና ከባድ የሆነ አለ፤ የእሳተ ገሞራው ቅልጥ ሲቀዘቅዝ ጋዝ በተወው ቀዳዳ የተሞላ አለ፤ ቀዳዳው ኋላ በነጭ ማዕድን የተደፈነም፣ ፊቱ በዝናብና በፀሐይ የበሰበሰም አለ። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ እፍጋቱ 2.2 ቢሆን፣ ጨረሩን በግማሽ የሚቀንሰው ውፍረት 4.1 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ በ20 ሴንቲሜትር ግድግዳ የሚያልፈውም 3.4 በመቶ ገደማ ነው። ይህ እርስዎ ካገኙት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። እፍጋቱ በስሌቱ ውስጥ የሚገባው በኃይል ቁጥርነት ስለሆነ፣ በዚህ ውፍረት በእፍጋቱ ላይ የሚፈጸም የ1 በመቶ ስህተት በውጤቱ ላይ ወደ 4.5 በመቶ ያድጋል። እንግዲህ 0.3 በመቶ የሚለውን ቁጥር በእውነት የእርስዎ ለማድረግ፣ የድንጋዩን እፍጋት ከ0.1 በመቶ ባነሰ ስህተት ማወቅ ነበረብዎት ማለት ነው።

በዚህ ላይ የፕሮግራሙ ግድግዳ ስንጥቅ የሌለበት አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፤ የመንዝ ቤት ግድግዳ ግን ድንጋይ፣ ጭቃና በመካከሉ የተሰገሰገ ጠጠር ነው። ጋማ ጨረር ደግሞ በቀጭኑ ቦታ ያልፋል። የቆጠሯቸው ፎቶኖችም «ምንም ሳይጋጩ ያለፉት» ብቻ መሆናቸውን አይርሱ። ከግድግዳው በስተኋላ የቆመ ሰው የሚያገኘው ጨረር ተጋጭተው፣ አቅጣጫ ቀይረው የደረሱትንም ይጨምራል፤ ይህም በወፍራም ግድግዳ ሳይጋጩ ከሚያልፉት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እሻገራለሁ። ሕጉ ከታወቀ የሚቀረው ስሌት ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ለአብዛኛው ፊዚክስና ለመላው ኬሚስትሪ የሚያስፈልጉት መሠረታዊ ሕጎች ሙሉ በሙሉ እንደታወቁ፣ የቀረው ችግር እነዚህን ሕጎች ሥራ ላይ ማዋል ሊፈቱ የማይችሉ ውስብስብ እኩልታዎችን ማስከተሉ ብቻ እንደሆነ ጽፎ ነበር። በዚያ «ብቻ» ውስጥ ያለው ችግር እስከ ዛሬ አልተፈታም። ኤርቪን ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው እኩልታ አንድ ኤሌክትሮን ላለው ሃይድሮጅን በወረቀት ላይ ይፈታል። ሁለት ኤሌክትሮን ላለው ሂሊየም ግን እንዲህ ያለ የተዘጋ መፍትሔ የለውም፤ በኮምፒውተር እጅግ ተቀራርቦ ይሰላል እንጂ።

ቀጥሎ በድንጋይዎ ውስጥ በብዛት ከሁሉ የሚበልጠውን ኦክስጅንን ይውሰዱ። ስምንት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ እያንዳንዱ የሚገኝበትን ቦታ ለመግለጽ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል፤ በድምሩ 24። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማስላት አይቻልም። እያንዳንዱን አቅጣጫ በአሥር ነጥብ ብቻ ብንከፍለው፣ ይህም በጣም ሻካራ አከፋፈል ነው፣ የአቶሙን ሁኔታ ለመመዝገብ 10²⁴ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ይህን ለማስቀመጥ 8 ትሪሊዮን ባለ አንድ ቴራባይት ዲስኮች ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሰከንድ ከ10¹⁸ በላይ ስሌት በመሥራት የመጀመሪያው የተባለው ፍሮንቲየር የተሰኘው የአሜሪካ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ለመንካት 11 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ባዛልትን የሚያጠቁረውና የሚያከብደው ብረት 26 ኤሌክትሮኖች ስላሉት ቁጥሩ 10⁷⁸ ይሆናል፤ ያው ኮምፒውተር ዩኒቨርስ ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ እስከ ዛሬ የሚደርሰው ወደ 10³⁶ ብቻ ነው። «በትልቅ ኮምፒውተርስ?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ እዚሁ ላይ አለ፤ በዚህ መንገድ ኮምፒውተሩ አሥር እጥፍ ቢፈጥን የሚጨመረው አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም የአንድ ኤሌክትሮን ሲሶ ነው።

እርግጥ ባለሙያዎች በዚህ መንገድ አይሄዱም። ዋልተር ኮን ከፒየር ሆኸንበርግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964፣ ከሉ ሻም ጋር ደግሞ በ1965 ባሳተሟቸው ሥራዎች፣ የኤሌክትሮኖቹን ሁሉ ትስስር ከመመዝገብ ይልቅ በየቦታው ያለውን የኤሌክትሮን እፍጋት ብቻ ይዞ ማስላት እንደሚቻል አሳየ፤ ለዚህም በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከጆን ፖፕል ጋር ተካፈለ። ይህ ዘዴ ከ24 አቅጣጫ ወደ 3 ያወርዳል፤ ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ ላይ በርካታ አቶሞች ያሉበትን ክሪስታል ማስላት የተቻለው በእሱ ነው። ዋጋ ግን አለው። በቀመሩ ውስጥ ትክክለኛ መልኩ የማይታወቅ አንድ ክፍል አለና በግምት ይተካል። ኤሌክትሮኖች በሲሊከን ውስጥ እንዲፈስሱ የሚያስፈልጋቸው የኃይል ክፍተት በልኬት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን፣ የተለመዱት ግምቶች ወደ ግማሹ ያወርዱታል። ፕሮግራሙ ያንን የተሳሳተ ቁጥር እስከ ስድስተኛ አሃዝ ድረስ ያለ አንዳች ማመንታት ያትመዋል፤ ትልቅ ኮምፒውተርም ያንኑ ስህተት በፍጥነት ይሰጥዎታል እንጂ አያርመውም። መጠንና ጊዜም ወሰን ናቸው። በአንዲት ደቃቅ የጨው ፍሬ ውስጥ 10¹⁸ ያህል አቶሞች አሉ፤ የአቶሞችን እንቅስቃሴ የሚከተል ሲሙሌሽን ደግሞ በአንድ ፌምቶ ሰከንድ ገደማ እርምጃ ስለሚጓዝ፣ አንድ ሰከንድ ለመድረስ 10¹⁵ እርምጃ ያስፈልገዋል።

ወደ ኒውክሊየስ ስንወርድ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ኬነት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ኳርኮችን (ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩባቸውን ቅንጣቶች) የሚያስተሳስረው ኃይል ቦታንና ጊዜን በመረብ ነጥቦች ላይ በመክፈል ይሰላል። በዚህ መንገድ የአውሮፓ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሮቶንንና የሌሎች ቅንጣቶችን ክብደት ከልኬቱ ጋር በጥቂት በመቶ ልዩነት አስልተዋል፤ በ2015 ደግሞ ኒውትሮን ከፕሮቶን በምን ያህል እንደሚከብድ፣ ይኸውም ከ938 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ውስጥ የ1.3 ያህል ልዩነት፣ ከሥሩ ተሰልቷል። የኳርኮቹ የራሳቸው ክብደት ከፕሮቶኑ ክብደት 1 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ በአክብሮት ነው የማነበው። ነገር ግን የስሌቱ ሣጥን የጥቂት ፌምቶ ሜትር ስፋት ብቻ ነው ያለው። ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ሲበዙ የሚፈለገው ውጤት በዕጣው መዋዠቅ ይዋጣል። ኳርክ ጥቅጥቅ ባለበት ሁኔታ ደግሞ ስሌቱ አዎንታዊና አሉታዊ ቁጥሮች እርስ በርስ የሚጣፉበት ይሆናል። ሁለት የተራራ ያህል ክምሮችን በግምት ቆጥሮ በመካከላቸው ያለውን የአንድ እፍኝ ልዩነት ለማወቅ እንደመሞከር ነው። ማትያስ ትሮየርና ኡቬ-የንስ ቪዘ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዚህ ችግር በሁሉም ሁኔታ የሚሠራ ፈጣን መፍትሔ ማግኘት በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ ከባድ ከተባሉት ችግሮች ተራ እንደሚመደብ አሳይተዋል። ሪቻርድ ፋይንማን ከ40 ዓመት በፊት ያነሣው ኳንተም ኮምፒውተር በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ያሉት መሣሪያዎች የራሳቸው ስህተት ገና ስላልተገራ ለእርስዎ ሥራ የሚጠበቁ አይደሉም።

ስለዚህ ከበድ ያለ ኒውክሊየስ ሲሰላ መነሻው ኳርክ ሳይሆን ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ በመካከላቸውም ከልኬት የተስተካከለ ኃይል ነው። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 እስከ እርሳስ-208 ተደርሷል። ይሁንና ከዚህ የሚገኙት የኒውክሊየስ የኃይል ደረጃዎች በመቶ ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት መጠን ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ዩራኒየም-238 ደግሞ ኒውትሮንን በኃይል የሚውጥበት የመጀመሪያው ነጥብ 6.67 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። የቲዎሪው ስህተት ከሚፈለገው ቁጥር በአሥር ሺህ እጥፍ ሲበልጥ ያንን ነጥብ በስሌት ማግኘት አይቻልም፤ የሚገኘው ኒውትሮን ለቅቆ በመለካት ብቻ ነው። የጨረር ሲሙሌሽን ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኒውትሮን የዕድል ሰንጠረዥ የተሠራው እንዲህ ባለ ልኬትና ልኬቱን በሚያያይዙ ሞዴሎች ነው፤ የእርስዎ የጋማ ሰንጠረዥ ደግሞ በአብዛኛው በቲዎሪ የተሰላ ቢሆንም የሚታመነው በልኬት ስለተፈተሸ ነው። እርስዎ ሲሙሌሽኑ ልኬትን ይተካል ብለው ሲያስቡ፣ በውስጡ ይዞት የነበረው ሌሎች ሰዎች ቀድመው የለኩትን ወይም በልኬት የፈተሹትን ነበር፤ የመንዝን ድንጋይ ግን ማንም አልለካለትም።

ለእርስዎ መልካሙ ነገር፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው አብዛኞቹ ወሰኖች የእርስዎን ጥያቄ አይነኩም። በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ፎቶን በድንጋይ ውስጥ በዋነኛነት የሚያደርገው ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ መበተን ነው። የኤሌክትሮኑ በየትኛው ማዕድን ውስጥ መታሰር እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ ወሳኙ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ኤሌክትሮን መኖሩ ነው፤ ይህም ከእፍጋቱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋዩን ከአቶም ጀምሮ ለማስላት መነሣት ለዚህ ጥያቄ ከንቱ ድካም ነው። ምንጩ የ59.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር ያለው አሜሪሲየም-241 ቢሆን ግን በድንጋዩ ያለው የብረት መጠን ውጤቱን በብዙ ይለውጠዋል፤ ኒውትሮን ቢሆን ደግሞ ድንጋዩ በክረምት የያዘው እርጥበት ራሱ ዋና ጉዳይ ይሆናል። ኒውክሊየስን የሚሰብር ከፍተኛ ኃይል ያለው ቅንጣት ከመጣ ከናካቴው ሌላ ነው። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ዙሪያ የተሠራው ጂያንት 4 (Geant4) የተባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ለዚህ አማራጭ ሞዴሎችን ያቀርባል፤ በአንዱ ሠርተው በሌላው ሲደግሙት መልሱ ይለያያል። ልዩነቱም ፕሮግራሙ ከሚያትመው የዕጣ ስህተት ውስጥ የለበትም።

ትልቅ ኮምፒውተርና ምርጥ ባለሙያ ቢገናኙም ወሰኑ እንደማይጠፋ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጨምር። በካሊፎርኒያ የሚገኘው 192 ጨረሮች ያሉት የሌዘር ተቋም፣ የሃይድሮጅን ቅንጣቶችን ጨፍልቆ በማዋሐድ ከገባው የሌዘር ኃይል በላይ እንደሚያወጣ ሲሙሌሽኖቹ ተንብየው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው ዘመቻ ግን ግቡን አልመታም። እስከ ታኅሣሥ 2022 ድረስ 10 ዓመት ያህል እየተለካና እየተስተካከለ ከቆየ በኋላ 2.05 ሜጋ ጁል ገብቶ 3.15 ሜጋ ጁል ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ፕሮግራሞቹን ያረማቸው በየሙከራው የተገኘው ልኬት ነው።

ስለ ሲሲየሙ ራሱም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ነው፤ አንዱ ኒውክሊየስ በየትኛው ቅጽበት እንደሚፈርስ ግን ሕጉ ራሱ ዕድሉን ብቻ ስለሚናገር፣ የትኛውም ሲሙሌሽን ሊተነብየው አይችልም። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዕጣም የእውነት ዕጣ ሳይሆን በቀመር የሚመረት ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ጥሩ ይባሉ የነበሩ የዕጣ ቀመሮች በማግኔት ሞዴል ስሌት ላይ ስውር ስህተት ሲፈጥሩ ተደርሶባቸዋል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሌላ የዕጣ ቀመር ይድገሙት።

የምመክርዎ አንድ መንገድ ነው፤ ሲሙሌሽኑን ይያዙ፣ ድንጋዩን ግን ይለኩ። በመጀመሪያ ከተለያዩ ቦታዎች የተወሰዱ ድንጋዮችን እፍጋት ራስዎ ያውጡ። ይህ ሚዛንና አንድ ባልዲ ውኃ ብቻ ይጠይቃል። ቀዳዳ ያለበትን ድንጋይ አድርቀው ከመዘኑ በኋላ በቀለጠ ሻማ በስሱ ሸፍነው እንደገና ይመዝኑት፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ አንጠልጥለው ይመዝኑና የሻማውን ይዘት ይቀንሱ። ሳይሸፍኑ ቢነክሩት ውኃው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እፍጋቱን ከግድግዳው እውነተኛ እፍጋት በላይ ያሳይዎታል።

ቀጥሎ የተቆረጡ ድንጋዮችን በሲሲየም-137 የመሞከሪያ ምንጭና በሶዲየም አዮዳይድ የጨረር መለኪያ መካከል በ4፣ በ8 እና በ12 ሴንቲሜትር ውፍረት እያስቀመጡ ይቁጠሩ፤ ጨረሩንም በእርሳስ ቀዳዳ ያጥብቡት። 10,000 ቆጠራ 1 በመቶ ይሰጥዎታል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ምንጭ በሌለበት የሚቆጠረውን የአካባቢ ጨረር ደግሞ በዚያው ቦታ ይለኩ እንጂ ከሌላ ጽሑፍ አይውሰዱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ፤ ከሰማይ የሚወርደው ጨረር በሁለቱ ቦታ አንድ አይደለም። በነገራችን ላይ ይህንንም በሲሙሌሽን መተካት አይቻልም፤ በአርጀንቲና የሚገኘው ፒየር ኦዤ የምርምር ጣቢያ፣ እጅግ ከፍተኛ ኃይል ያላቸው የጠፈር ቅንጣቶች በአየር ውስጥ የሚፈጥሯቸው ሙዎን የተባሉ ቅንጣቶች ሲሙሌሽኖቹ ከሚተነብዩት በልጠው አግኝቷቸዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ምንጩን ፈቃድ ባለው ቤተ ሙከራና በጨረር ደኅንነት ኃላፊ ቁጥጥር ሥር ብቻ ይጠቀሙበት። በጽሑፍዎም «የመንዝ ድንጋይ ግድግዳ ለጨረር ክፍል ይበቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጻፉ፤ ያሰሉት ስንጥቅ የሌለበትን ግድግዳና ሳይጋጩ ያለፉትን ፎቶኖች ብቻ ነውና። ምንጭ ማግኘት ጨርሶ ካልቻሉ፣ ውጤትዎን እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከ2.2 እስከ 2.9 ባለው እፍጋት የሚለዋወጥ መስመር አድርገው ያቅርቡ፤ 0.3 በመቶውንም «የዕጣ ስህተት» ብለው በስሙ ይጥሩት።

ልኬቱና ሲሙሌሽኑ ሳይስማሙ ቢቀሩ እፍጋቱን እየነካኩ እንዲገጥሙ ለማድረግ አይሞክሩ፤ የለኩት እፍጋት የለኩት ነው። መጀመሪያ ተበትነው የደረሱ ፎቶኖች ከ662ቱ ጋር ተደባልቀው ተቆጥረው እንደሆነ ይፈትሹ፤ ከዚያ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተትና የድንጋዩን ትክክለኛ ውፍረት፤ ከዚያ የአካባቢውን ጨረር። የፕሮግራሙን የጋማ ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ ይጠርጥሩት፤ በዚህ ኃይል ብዙ ጊዜ የተለካው እሱ ነውና።